ያላመመው እግር

አዳማ፣ የስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው ከዓለም ጤና ከተማ የመጡ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም፤ ሱሪው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። በግራው ነጭ ካልሲ አጥልቀዋል፤ እግራቸው ቢደማ ቶሎ እንዲታያቸው ነው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ጠጠር እንዳይኖርበት ውስጡን በጣታቸው ይዳብሳሉ።

ከወዲያ ጎናቸው ያለች ወጣት ሴት ነርሷን «እግሬን ያቃጥለኝ ነበር፤ አሁን ግን ተሽሎኛል፣ ምንም አይሰማኝም» ስትላት ሰሙ። እጃቸው ጫማው ውስጥ ቀረ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔም እንዲያ ብዬ ነበር» አሏት። «ሶደሬ ፍል ውሃ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ሙቀቱን አልችል ብሎ ሲወጣ እኔ እግሬን ነክሬ ተቀመጥኩ። አላመመኝም። ዳንኩ ብዬ ለባለቤቴ ስደውልላት እልል አለች። ቤት ገብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ ቆዳዬ አብሮ ወጣ።»

ሴትየዋ ወደ እግሯ ተመለከተች።

«አያመኝም ብለሽ አትተዪው፤ በየቀኑ እዪው» አሏት።

ጎንበስ ብላ ጫማዋንና ካልሲዋን አወለቀች። ተረከዟ ሥር ቁስል አለ፤ መግሉ ካልሲዋ ላይ ደርቋል።

«መቼ ቆሰልኩ?» አለች፣ እሳቸውን እያየች።

በዚህ መሐል የሰውየው ተራ ደርሶ ተጠሩ። ክራንቻቸውን አነሱ፤ ግን አልገቡም።

«እሷ ትቅደም» አሏት ነርሷን። «የሷ እግር ገና ይደረስለታል።»