የነፋስ ሂሳብ

«ነፋስ ነው እኮ የሸጣችሁልኝ! ነፋስ! በነፋስ ብርድ ልብስ ይታጠባል እንዴ?»

ልብስ አጣቢዋ በረኪና ናት። የውሃ መክፈያው መስኮት ላይ ቆማ ቢሉን መስታወቱ ላይ ለጥፋዋለች፤ ገንዘብ ተቀባይዋ እንድታነበው ሳይሆን እንድታፍርበት። እኔ ከኋላዋ ተሰልፌያለሁ። ጎረቤቷ ነኝ። የእሷን ልብስ ማጠቢያና የእኔን ልብስ መስፊያ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ወሬ የሚያሳልፍ ስንጥቅ አለው።

«ቆጣሪው ዞሯል፣ እናቴ» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ።

«ይዙራ! የእኔም ራስ ዞሯል፣ ማን ከፈለኝ?»

በረኪና ያልናት ነጭ ስለምታወጣ ብቻ አይደለም። ምላሷ የነካው ሰው ቀለሙን ይለቃል። እንዲህ ሆና ግን ሥራ ከሌላት ሌላ ሰው ናት፤ ዓይኗ ተከፍቶ ሕልም ታያለች።

ሦስት እህትና ወንድሞች ናቸው። ታላቅ እህቷ ወንዙ ከሚነሳበት ተራራ ላይ፣ ከምንጩ አፍ፣ ከላሞቿ ጋር ትኖራለች። ወንዙ ሜዳ ሲገባ ወንድሟ በፓምፕ ስቦ ሽንኩርት ያለማል። ወንዙ ደክሞት እኛ ጋ ሲደርስ ታናሽየዋ ታጥብበታለች። «እኛ ቤት ሁሉም ነገር ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው» ትላለች። «ቀሚሱ ከእትዬ ወደ እኔ፣ ሹራቡ ከወንድሜ ወደ እኔ፣ ጥፊው ከሁለቱም ወደ እኔ። አዲስ ነገር ደርሶኝ አያውቅም።»

ድርቁም እንደዚያው ወረደላት። ተለብሶ፣ ተራውን ጠብቆ።

መጀመሪያ የደወለችው እህቷ ናት። «አንቺ ልጅ፣ ደመናው ይመጣል። ከላሞቹ በላይ ቆሞ ያየናል፣ ከዚያ ምድጃ ላይ የተወው ነገር እንዳለ ሰው ተመልሶ ይሄዳል» አለች። በረኪና ሳቀች። እኛ ጋ እኮ ወንዙ ሙሉ ነበር፤ አንሶላዎቿ ገመድ ላይ ሆዳቸውን ነፍተው ይወዛወዛሉ። ድርቁ ገና የእትዬ ልክ ነበር።

ቆይቶ ሣሩ ሄደ። አፈር ውስጥ ያለች እርጥበት ደግሞ ማንንም ሳትሰናበት ነው የምትሄደው። በኋላ ወንድሟ ደወለ። ሽንኩርቱ ቀን አንገቱን ይደፋል፣ ሲመሽ ቀና ይላል፤ አሁን ግን ሲመሽም ቀና አላለም። ስለዚህ ፓምፑን አበዛው። የሜዳው ሰው ሁሉ አበዛ። ወንዙ ሲያንስ ሁሉም አብዝቶ ይቀዳል፣ እንግዲህ ሰው ማለት ይሄ ነው።

«አንተ! ቀስ በል! የምትጠጣው የእኔን ነው!»

«ታዲያ ሽንኩርቴ በምራቅ ይብቀል?»

ከዚያ ምንጩ አነሰ። እህቷ «እንደ ሽማግሌ ይስላል» አለች። እኛ ጋ ወንዙ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ተቆራረጠ፤ እዚህም እዚያም ኩሬ፣ በየኩሬው ቁራጭ ሰማይ። ጫማ ሳናወልቅ ተሻገርነው። አይተናቸው የማናውቃቸው ድንጋዮች ነጭ ሆነው ተሰጥተዋል፤ በረኪና አጥባ የረሳቻቸው ይመስላሉ። የከተማው ጉድጓድ ነው ትንሽ የቆየልን። የመሬት ውስጥ ውሃ ደንቆሮ ነው፤ ላይ ያለው ሁሉ ጮሆ ጮሆ ከጨረሰ በኋላ ነው «ምነው?» የሚለው። እሱም ሰማና ሄደ። ቧንቧው ዝም አለ።

ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ፤ የእንግዳ ማረፊያው ብቻ ቀረላት። እሱ ከቀረ ሱቁ እንደማይቆይ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ይፈልገዋል፤ በየቀኑ ሰላም ሊል እየመጣ ግድግዳውን ያያል። እሷ ግን ሳፋ ገልብጣ፣ ከቧንቧው አጠገብ ጆሮዋን አስጠግታ ተቀምጣ ታንቀላፋለች።

አንድ ቀን ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት፤ አልተናገረችም። ስልኩን ወደ ውጭ ዘርግታዋለች። ዝናብ! በረኪና ድምፁን ከፍ አድርጋ ግድግዳውን ደበደበች፣ ሄድኩ። ደረቅ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ተቀምጠን የሰው አገር ዝናብ ሰማን። ሳላውቀው ኮቴን ሰበሰብኩ።

እሷ ደግሞ ተነስታ እንግዳ ማረፊያው ሮጠች። «ብርድ ልብሱን ሁሉ አምጡ! ዘንቧል!»

አመጡ። ክፍሉ እስከ ጣሪያ ሞላ። ውሃ ግን የለም። ዛሬ የለም፣ ነገም የለም፣ ሳምንቱም አለቀ። ወንድሟ ጋ ደወለች።

«የታለ ዝናቡ? በላኸው?»

«እህቴ ሙች አልነካሁም! መሬቱ ነው የጠጣው። ስንት ጊዜ ደርቆ ከርሞ፣ እሱ ሳይጠግብ ለወንዝ ያሳልፋል? እኔም ጭቃ ነው የደረሰኝ።»

ድርቁ ተራ ጠብቆ ወርዶ የለ? ዝናቡም ተራውን ሊዘል አልፈለገም። ታናሽ ነሻ!

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት መጣ። «ቅዳሜ ታጥቦ ካላገኘሁት ሌላ ጋ እወስዳለሁ። ደንበኝነታችንም ያበቃል» አለ። ፀጉር አስተካካዩ በዚያው ቀን ሜትር ይዞ መጣ። ሜትሩ የእኔ ነበር፤ ለሱሪ ነው ብሎኝ።

ከዚያ ወዲያ በረኪና ቧንቧውን ከፍታ ነው የምትተኛው። አንድ ሌሊት መተንፈስ ጀመረ። እስስስ... ይላል፣ ያርፋል፣ እስስስ... በግድግዳው ስንጥቅ ለእኔም ይሰማኛል። ጠዋት ስትነግረኝ ዓይኗ ገና አልተመለሰም። በሕልሟ እህቷ ተራራው ላይ አጎንብሳ፣ አፏን ምንጩ ላይ አድርጋ «ተኚ፣ ተኚ» ትላታለች፤ ትንፋሹ እርጥብ ሣር ይሸታል።

በዚያው ጠዋት ቆጣሪ አንባቢው መጣ። አርብ ቢሉ ደረሰ። እሱን ነው አሁን መስታወቱ ላይ የለጠፈችው።

«ይሄ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጎረቤቴ ነው! የእሱ ቆጣሪ ለምን አልዞረም? እሱ ነፋስ አይወድም?»

ገንዘብ ተቀባይዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ቧንቧውን ክፍት ትተውታል እንዴ?»

«ታዲያስ! ሲመጣ እንድሰማው ነዋ!»

«በቃ፣ ሌላው ሰው ዘግቷል። የመስመሩ ነፋስ ሁሉ በእርስዎ በኩል ወጣ። የሰፈሩን ነፋስ ብቻዎን ገዝተውታል፣ እናቴ።»

ሰልፉ ሳቀ። እኔ ሳቄን ወደ ሳል ቀየርኩት፣ ጎረቤት ነኛ።

«ግን እኮ» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ነፋሱ ዝም ብሎ አይወጣም። የሚገፋው ሲኖር ነው።»

«ማነው የሚገፋው?»

«ውሃ ነዋ፤ ከላይ ከወንዙ መሳብ ጀምረናል። ባዶ መስመር ውስጥ ሲገባ ፊት ፊቱን ይነዳዋል።»

በረኪና ቢሉን ከመስታወቱ ላቀቀችው፣ ጡቷ መሃል ሸጎጠችው፣ ሳትከፍል ሮጠች። እኔም ሰልፌን ጥዬ ተከተልኩ፤ ለሂሳብ መቼም ይደረሳል።

ቧንቧው ሳለ። ዝገት ተፋ። ከዚያ ቡናማ ክር መጣ፣ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ። መዳፏን ከሥሩ ዘረጋች። «ከእትዬ ነው» አለች፤ «ወረደልኝ።»

ቡናማው እስኪጠራ ጠበቀች፣ ከዚያ ሳፋ ውስጥ ገብታ ብርድ ልብሱን በእግሯ ስትረግጥ አደረች። ቅዳሜ መንገዱ ሁሉ ብርድ ልብስ ተሰጣበት። በሥሩ ስናልፍ ጠብ፣ ጠብ ይልብናል፤ ማንም አልሸሸም። ፀጉር አስተካካዩ ትከሻው ረጥቦ ሜትሬን መለሰልኝ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ደርቆ የታጠፈውን ወስዶ የቆሸሸ አንሶላ ትቶ ሄደ። ድርቁ አልቋል አልልም፤ የወንድሟ ሽንኩርት ጠፍቷል፣ ደንቆሮውም ጉድጓድ ገና አልሰማም።

ሰኞ መስኮቱ ላይ ቆመች። ጣቶቿ ተጨማደዋል። ቢሉንና ገንዘቡን አሳለፈች።

«ለነፋሱ» አለች።

ልጅቷ ኖቶቹን በጣቷ ጫፍ ያዘቻቸው። «ኧረ እናቴ፣ ይሄ ገንዘብ ረጥቧል!»

«አዎ» አለች በረኪና፣ ወደ ሰልፉ ዞር ብላ ሁላችንንም እያየች። «ረጥቧል።»

ደረሰኙን ተቀበለች።