ሩሯ ከሳማው ውስጥ ናት

አዲስ አበባ

ደምሴ የደወለልኝ ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። አብሮ አደጌ ነው። በመንደራችን ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሲደውል ሁልጊዜ ያለከልካል።

«ዘንድሮ ካልመጣህ ጨዋታው ቀረ በለው» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

እዚህ ላይ ነገሩን ለአንባቢ ላስረዳ። በእኛ አገር፣ በመንዝ፣ የገና ለት ከሰዓት በኋላ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለን እንከፈልና በቆልማማ ዱላ ሩር ስንጠልዝ እንውላለን። ሩር ከወይራ ሥር የተጠረበች፣ ጭብጥ የምታህል ኳስ ናት። የእናቴ ቤት ሜዳው ጥግ ላይ ነበር። ሩር ከሰው ግቢ ከገባች ባለቤት እንጂ ተጫዋች አያወጣትም፤ ደንብ ነው። እናቴ ደግሞ በዋዛ የምትሰጥ ሴት አልነበረችም። ሩሯን በቀሚሷ ሸሽጋ በሩ ላይ ትቆምና «ካልዘፈናችሁልኝ ወይ ፍንክች!» ትላለች። አርባ ጎረምሳ ዱላውን ጥሎ ይዘፍንላታል።

እናቴ ካረፈች፣ ቤቱም ከፈረሰ ቆየ። በቦታው ሳማ በቀለበት። ደንቡ ግን አልፈረሰም። ዓምና ሩሯ እዚያው ገብታ ቀረች፤ የሚያወጣት ባለቤት ጠፋና ጨዋታው በጭቅጭቅ ተበተነ።

«ታዲያ ሳማውን ለምን አታጭዱትም?» አልኩት።

«የሰው ግቢ? አንተ ሳትፈቅድ?» ደምሴ ተቆጣ። «ወጣቱ እንደሆነ ሰበብ ነው የሚፈልገው፤ እግር ኳስ አለለት። ዘንድሮም እንደ ዓምናው ከሆነ ለከርሞ ዱላ ይዞ የሚወጣ አታገኝም።»

«ፈቅጃለሁ፣ እጨዱት» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። ከእናቴ ግቢ የቀረው እሱ ብቻ ነው። እመጣለሁ አልኩት።

በጣርማ በር በኩል

የበዓሉ ዋዜማ ስለነበር አውቶቡሱ በሰው፣ በዘይት ጀሪካንና በሽንኩርት ጆንያ ጢም ብሎ ነበር የተነሳው። ጾም ስለሆነ ደብረ ብርሃን ላይ ሽሮ በላን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጣርማ በር ስንደርስ አስፋልቱን ለቀን ወደ ግራ ታጠፍን፤ ከዚያ ወዲያ አቧራ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ቄስ የገብስ ቆሎ ከኪሳቸው እየዘገኑ ሰጡኝና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

«የእትዬ አስካለ ልጅ ነኝ፣ አባ።»

«ሩር የምታግተው?» አሉና ሳቁ። «ነፍስ ይማር! ስንቴ አዘፍናኛለች መሰለህ፣ ያኔ ገና ዲያቆን ሳለሁ።»

እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጓሳው ነፋስ ሲያልፍበት እየተኛ ይነሳል። የቤታችን ክዳን ይህ ሣር ነበር። ዝናብ ሲመጣ የሚሸተውን ሽታ አሁንም አውቀዋለሁ፣ ናፈቀኝም።

መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ወርጄ፣ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ በአቋራጭ ወደ መንደሬ ገባሁ። ደምሴ ቤት አደርኩ።

ገና

ከቅዳሴ በኋላ የበግ ወጥ በገብስ እንጀራ በልተን፣ ጠላ ጠጥተን ወደ ሜዳው ወረድን። የእናቴን ግቢ ያኔ አየሁት። የድንጋዩ ካብ ወደ ውስጥ ተንዷል። ሳማው ደረቴ ድረስ ቆሟል፤ ካቡ ከውርጭ ስለከለለው ያለ ወቅቱ ለምልሟል።

ደምሴ «በሩ በየት በኩል እንደነበር ታስታውሳለህ?» አለኝ።

«ዓይኔን ጨፍኜም አገኘዋለሁ።»

ጨዋታው ተጀመረ። እኔ ለላይ ቤት ተሰለፍኩ፤ ሁለቴ ሮጬ ሦስተኛውን ተቀመጥኩ። ታች ቤቶች ባለ ቦርጭ፣ የአዲስ አበባ ዱባ እያሉ ሰደቡኝ። በገና ጨዋታ ስድብ አይከፋም፤ ደስ አለኝ እንጂ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል አንዱ ረጅም ጎረምሳ ሩሯን ከመሬት አንስቶ ጠለዛት። ካቡን አልፋ ሳማው ውስጥ ጥልቅ አለች።

ወጣቶቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ቤት ለመሄድ ተነሱ።

«ቁሙ!» ደምሴ ጮኸ። «ባለቤት አለ!»

ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ደምሴ እጄን እንድጠቀልልበት ነጠላውን ሰጠኝ። በበሩ በኩል ገባሁ። በመጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም፤ ቀጥሎ ጉልበቴን፣ አንገቴን፣ ጆሮዬን ለበለበኝ። ነጠላ በተጠቀለለ እጅ ደግሞ ትንሽ ኳስ አይዳሰስም፤ አውልቄ ወረወርኩትና በባዶ እጄ መሬቱን እዳብስ ጀመር። ሳማ የነካው ሰው ያውቀዋል፤ እንደ እሳት ፍንጣሪ ነው፣ ወዲያው ነጭ ነጭ ሽፍታ ያወጣል።

ከውጭ «ተወው፣ ውጣ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አልወጣሁም። እጄ አንድ ድንጋይ አገኘ፣ ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ጉልቻዎቹ ናቸው። እናቴ ያስቀመጠቻቸው ቦታ ላይ አሉ። ሩሯ በመካከላቸው ተቀምጣለች።

ይዣት ቀና አልኩ። መወርወር አቃተኝ። በሩ ላይ፣ እናቴ ትቆም የነበረበት ቦታ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ሜዳው ሁሉ ያየኛል። ሕመሙ ያስለቀሰኝ ሳይመስላቸው አይቀርም።

ነገሩ የገባው ደምሴ ብቻ ነው። ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠና በዚያ ሻካራ ድምፁ ጀመረ፦

እትዬ አስካለ ሩሯን ወርውሪያት፤
ጎተራሽ ይሙላ በረከት ይግባበት።

ሽማግሌዎቹ ተቀበሉት። ላይ ቤት ተቀበለ፣ ታች ቤትም ተቀበለ። እናቴን አይተዋት የማያውቁ ልጆች እያጨበጨቡ ጎተራሽ ይሙላ አሏት፣ ጎተራ በሌለበት፣ ቤት በሌለበት። እስኪበቃቸው ዘፈኑ። ያኔ ወረወርኳት።

ማን እንዳሸነፈ አላየሁም። የደምሴ እናት እትዬ ብርቄ እጄን ይዘው ጎትተውኝ ሄደዋል።

«አትከከው!» ጮኹብኝ። «በልብስህም አትጥረገው፣ እሾሁ ይሰምጣል።»

«ያቃጥለኛል እኮ፣ እትዬ።»

«ያቃጥልህ! እናትህ ብትኖር በዱላ ነበር የምታስወጣህ።» ከምንጩ ዳር ቱልት ቀጥፈው መጡ። ሰፊውን ቅጠል በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን በክንዴ፣ በአንገቴና በጆሮዬ ላይ ቀቡት። ቀዘቀዘኝ። ልጅ ሆኜ ሳማ ሲነካኝ እናቴም በዚሁ ቅጠል ነበር የምታክመኝ፤ እሷም እንዲሁ እየተቆጣች።

ስንለያይ ደምሴን «ሳማውን ልታጭዱት ትችላላችሁ» አልኩት።

«ማን ይነካዋል?» አለ። «አንተ ብቻ ለከርሞ ና።»

መልስ

በአውቶቡሱ ውስጥ ክንዴን ያየ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ቅቤ፣ አንዷ አመድ፣ ረዳቱ ደግሞ ላምባ አዘዘልኝ። አዲስ አበባ ስገባ ባለቤቴ ደንግጣ ከፋርማሲ ቅባት አመጣች። የዓመት በዓል ጉዞ ሲባል ሰው በግ ይዞ ይመጣል፣ አንተ ሽፍታ ይዘህ መጣህ ብላ ቀለደችብኝ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ አገር ቤት የምሄድበት ቤት የለኝም እያልኩ ነበር የምኖረው። ሰዎቹ ግን ቤቱን ሲጠብቁልኝ ኖረዋል፤ ካቡ ተንዶ እንኳ በሩን ሳያልፉ። ይህን ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው።

ሽፍታው ከአንገቴ ጠፋ፣ ከክንዴም ጠፋ፤ መጨረሻ የቀረው በቀኝ እጄ አንጓ ላይ ነበር። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ አንጓዬን ስነካካ ባለቤቴ አየችኝ።

«አሁንም አልተወህም?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት።

ከተወኝ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።