ጌታቸው ያለ እኔ የገዛው ስዊች

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ወጥቼ ገና መኪናዬ ውስጥ ሳልገባ ስልኬ ጠራ። ጌታቸው ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቤቱ ቤዝመንት ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወዳጄ።

«ጋሽ መኮንን፣ ይድረሱልኝ! የትናንቱ ሠርግ ቪዲዮ አልገለበጥ አለኝ። ዛሬ መልሱ ላይ መታየት አለበት። የሙሽራዋ እናት ኮል ማድረግ አላቆመችም... አዲሱ ስዊች ይሁን ምን ይሁን እንጃ...»

«የምን አዲስ ስዊች?»

ጥያቄዬን ትቶ ስለ ሙሽራዋ እናት ማውራቱን ቀጠለ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ስዊች ማለት ኮምፒውተሮችን በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኝ ሣጥን ነው። እሱ ቤት የነበረውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ኬብሉንም በግድግዳው ውስጥ የሳብኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ማኑዋል እያነበብኩ፣ እያበላሸሁና እየጠገንኩ ነው ያወቅኩት። ፋሲካ ሰሞን «ፋይሎቹ እየከበዱብኝ ነው፣ ፈጠን ያለ ስዊች ይምረጡልኝ» ብሎኝ ነበር። «የአንድ ጊጋ ፍጥነት ለማንም ይበቃል» አልኩት። አሁንም እላለሁ። ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«ማን መረጠልህ?» አልኩት።

«ሽመልስ...» ድምፁ አነሰ። «እንዲያው ለልጄ ልደት መጥቶ ሳለ ጨዋታ ተነሥቶ...»

ሽመልስ! እዚያው አቅራቢያ፣ በርክ የሚባል ሰፈር የሚኖረው የጌታቸው ልጅ የክርስትና አባት። ሁልጊዜ ፈገግ የሚል ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ፈገግ የሚል ሰው አላምንም።

ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ድረስ ሬዲዮ እንኳ አልከፈትኩም። ጌታቸውን ለመርዳት ብቻ የነዳሁ እንዳይመስላችሁ። የሽመልስ ስዊች ሲዋረድ ለማየት ጓጉቼ ነበር። ድልድዩን ስሻገር የምለውን አዘጋጅቻለሁ። «ንቀለው። የኔን መልስ።» ሌላ ቃል አልጨምርም።

ጌታቸው የሠርጉን ሱፍ እንደለበሰ ነው። ስክሪኑ ላይ ግልበጣው የት እንደደረሰ የምታሳየው መስመር አንድ ጥግ ላይ ቆማ ቀርታለች።

«ለምን ማታውኑ አላስጀመርከውም?»

«ሽሜ በአንዴ ያልቃል ስላለኝ ጋደም አልኩ። አሁን ሳስጀምረው እንደ ድሮው ሆነብኝ።»

ሽሜ ሆኗል! እኔን ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አቆላምጦኝ አያውቅም።

አዲሱ ስዊች መደርደሪያው ላይ ነው። ጥቁር፣ ብረት፣ ምንም ድምፅ የማያሰማ። የኔው ደግሞ ከሥሩ ወለል ላይ፣ የኃይል ገመዱ በላዩ ተጠምጥሞበት...

መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ወዲያው ገባኝ። ኬብል ከሚሰካባቸው ፖርቶች ስምንቱ ተራ ናቸው፣ አንድ ጊጋ። አስር ጊጋ የሚያስኬዱት መጨረሻ ላይ ለብቻቸው ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ ባዶ ናቸው! ኮምፒውተሩ አንደኛው ላይ፣ ቪዲዮው የሚጠራቀምበት ስቶሬጅ ሁለተኛው ላይ ተሰክቷል።

«እንዲህ አድርጎ የሰካው ሽመልስ ነው?» ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«ኧረ እኔ ነኝ! እሱ የገዛሁትን ሣጥን አድርሶልኝ ቸኩሎ ሄደ። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው የሰካሁት። ኮምፒውተር አንደኛው፣ ስቶሬጅ ሁለተኛው፣ ሥርዓቱን እንዳታፈርስ ብለውኝ የለ?»

በሽመልስ ስዊች ላይ የሚገዛው የኔ ሕግ ነው! ትንሽ ቆሜ አጣጣምኩት...

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ግን ጥሩ አልነበረም። «ይሄ ስዊች አይረባም» ብዬ ብነግረው ያምነኛል። የኔን ከወለሉ አንሥቶ ይመልሳል፣ ሽመልስም ሁለተኛ ስለ ኬብል አያወራም። ቪዲዮው ግን ለመልሱ አይደርስም። በሙሽሮቹ ዘመዶች ፊት የሚያፍረው ደግሞ ሽመልስ አይደለም...

ስልኩ እንደገና ጠራ። ጌታቸው ግንባሩን እየጠረገ «እየደረሰ ነው እትዬ፣ እየደረሰ ነው» ይላል።

ሁለቱን ኬብሎች ነቅዬ መጨረሻዎቹ ላይ ሰካኋቸው። ሥርዓቴን በገዛ እጄ አፈረስኩ።

«አሁን እንደገና አስጀምረው» አልኩት።

መስመሯ ተፈተለከች። እኔ ራሴ እንዲህ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። ጌታቸው ጮኾ አቀፈኝ፣ ጉንጬን ሳመኝና ስልኩን አነሣ። ለሙሽራዋ እናት የሚደውል መስሎኝ ነበር።

«ሽሜ! ስዊችህ እሳት ነው እኮ!»

«ኬብሉ የማን እንደሆነ ንገረው» አልኩ ከኋላው።

አልሰማኝም።

«ኬብሉ የማነው በለው እንጂ!»

ስፒከር ላይ አደረገው። «ጋሽ መኮንን አሉ እንዴ?» አለ ሽመልስ፤ ፈገግታው በስልክ እንኳ ይሰማል። «ደህና ነዎት? ኬብሉማ ድንቅ ሥራ ነው። እሱን አይቼ እኮ ነው አስር ጊጋ ይችላል ብዬ የመረጥኩት።»

አያችሁ ይህን ሰው? የምጠላበትን ምክንያት እንኳ ነሣኝ።

ረቡዕ ዕለት ቤቴ አንድ ሣጥን ደረሰ። ባለቤቴ ከፍታ አገላብጣ አየችውና «እኛ ቤት ደግሞ ምን የሚገለበጥ ነገር አለና ነው?» አለችኝ።

«ምንም የለም» አልኳት። «ግን የዚህኛው ሁሉም ፖርት አስር ጊጋ ነው። የሽመልስ ሁለቱ ብቻ ናቸው።»