ጋሼ ሚሊሜትር ወንበር የተሰጣቸው ቀን

ጋሼ ሚሊሜትር ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ስሙን ያወጡላቸው የልብስ ስፌት ቤቱ ሴቶች ናቸው። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ሲቆርጡ፣ ከጠመኔው መስመር ዝንፍ ያለ መቀስ አይተው ዝም ብለው አያውቁም። "ሚሊሜትር የናቀ እጅጌ ያጥርበታል" ይላሉ። እጅጌ አጥሮበት የማያውቅ ቆራጭ ደግሞ የለም፣ ከሳቸው በቀር።

በዚህ ቤት የጡረታ መውጫ ዕድሜ የሚባል ነገር የለም። የቀድሞው ባለቤት "ሰው እጁ እስከታዘዘለት ድረስ ይሥራ" ብለው ደንብ አድርገውት አለፉ። ደንቡ ለሰሚው ማር ነው፤ ለአለቃ ግን ፈተና ነው። ዕድሜ የሚወስን ሕግ ቢኖር ቀኑ ሲደርስ ኬክ ቆርሶ መሸኘት ብቻ ነበር። በሌለበት ግን ማን ምን እንደከበደው አለቃዋ በዓይኗ ማየት፣ ካየችም መናገር አለባት።

አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ማየቱ ላይ ጎበዝ ናት። ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ቢሆንም፣ ጋሼ ከምሳ በኋላ አንዴ በአንዱ እግር አንዴ በሌላው ሲቆሙ፣ ከመደርደሪያው የጨርቅ ጣቃ ሲያወርዱ የሚያመልጣቸውን ማቃሰት በሳል ሲሸፍኑ አይታለች። ችግሩ መናገሩ ላይ ነው። አባቷ የሚሆኑትን ሰው "አረጁ" ይባላል? ቢቀየሙና ጥለዋት ቢሄዱስ? ለአራት መቶ የነርስ ጋውን የታዘዘው ጨርቅ ተከምሯል፤ ሁለተኛው ቆራጭ ደግሞ ገና አንገትጌ ሲቆርጥ ትንፋሹን የሚይዝ ነው።

ስለዚህ ማንንም ሳታማክር ከፍ ያለ ባለመደገፊያ ወንበር ገዛች፤ ተቀምጠው ይቁረጡ ብላ። ሐሙስ ጠዋት ከጠረጴዛቸው አጠገብ አስቀመጠችው፤ ደስ ይበላቸው ብላም ቀይ ሪባን አሰረችበት።

ማንም ያልነገራት ነገር ነበር። እዚያ ቤት ሠራተኛ ሲሰናበት የሚሰጠው ስጦታ ወንበር ነው። የድሮዋ ቁልፍ ሰፊም፣ የድሮው ዘበኛም ባለሪባን ወንበራቸውን ተሸክመው ነው የሄዱት። "እገሌ ወንበር ደረሰው" ከተባለ አለቀ፣ ወጣ ማለት ነው።

ጋሼ ገብተው ወንበሩን አዩ። የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ሽማግሌው ሜትሩን ከአንገታቸው አወለቁ፣ ሽርጣቸውን አራት አጥፈው አስቀመጡ፣ ሁሉንም እየዞሩ ሳሙ። ሥራ አስኪያጇ ከቢሮዋ መስታወት ወዲያ ሆና፣ ከጨርቅ አቅራቢ ጋር በስልክ እየተከራከረች፣ ይህን ሁሉ አየች። ምስጋና መሰላት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ እጇን እያውለበለበች ሳቀችላቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ወንበሩን ተሸክመው ወጡ።

ለሚስታቸው ሊያሳዩ ይሆን እንዴ እያለች ስትገረም፣ ልብስ የሚተኩሱት እትዬ ዓይናቸው ቀልቶ ገቡ።

"ምነው ልጄ፣ የሳምንት ማስጠንቀቂያ እንኳ ይነፈጋቸው?"

የወንበሩን ነገር ሲያስረዷት ሥራ አስኪያጇ እንደ ጅብራ ተገትራ ቀረች። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ ጥላው ሮጠች።

ሩቅ አልሄዱም። አውቶቡሱ ወንበር አልጭንም ብሎ ጥሏቸው ሄዶ፣ ፌርማታው ላይ፣ ከሰልፈኛው መሀል፣ በባለሪባኑ ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተሰይመዋል።

"ነይ ልጄ" አሏት፤ "ምቾቱስ ልክ ነው።"

እያለከለከች አስረዳቻቸው። ጋሼ መጀመሪያ አላመኗትም፤ ሲያምኗት ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሰልፈኛውም ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ወንበሩን ተሸክሜ ስመጣ እግሬን አላመመኝም። ሆዴን ነው ያመመኝ።"

"መቆሙ እንደከበደዎት ለምን አልነገሩኝም?"

"አመመኝ ያለ ሂድ ይባላል ብዬ ነዋ። አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

እሷም እዚያው ፌርማታው ላይ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም አልደበቋትም። ጣቃ ማውረዱ ከዓምና ጀምሮ አልሆነላቸውም። ከምሳ በኋላ መቆም ጣር ነው። ዓይናቸውና እጃቸው ግን እንደ ጎረምሳ ናቸው፤ ካላመነች ትሞክራቸው። ሁለት አውቶቡስ አልፎ ሦስተኛው ሳይመጣ ተስማሙ። ጠዋት ጠዋት ይቆርጣሉ፤ ከሰዓት ተቀምጠው ሁለተኛውን ቆራጭ ያሠለጥናሉ፤ ጣቃውን ጉልበት ያለው ያወርዳል።

"እጄ የተንቀጠቀጠ ዕለት እኔው እነግርሻለሁ" አሉ ብድግ ሲሉ። "ቀድመሽ ካየሽ ደግሞ በወንበር ሳይሆን በአፍሽ ንገሪኝ።"

ወንበሩን ግራና ቀኝ ይዘው ሲመለሱ ሴቶቹ በጭብጨባ ቤቱን አናጉት፤ የዚያን ቀን ሥራ ከረፈደ ነው የተጀመረው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ደብተር ይዛ፣ ዕድሜው የገፋውን ሁሉ እየዞረች ምን እንደከበደው ትጠይቅ ጀመር። ያሁኑ ዘበኛ ምንም አልከበደኝም ብለው ሸኟት። ልብስ ተኳሿ እትዬ ግን ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ይህችን ጥያቄ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቋት ኖረዋል። ካውያውን ከሶኬት ነቀሉ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስም ገና የአቤቱታቸው መግቢያ ላይ ነበሩ።