አንዲት እዝባር

ሰርቨሩ ማንኳኳት የጀመረው በክረምት፣ መብራት ሄዶ በተመለሰ ማግስት ነው። ቋ፣ ቋ ይላል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ይጀምራል። ሀርድ ዲስክ ሊሞት ሲል እንዲህ እንደሚያደርገው አውቃለሁ። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ የመሬት መዝገብ በሚያዝበት ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ የገበሬው ሁሉ የይዞታ ደብተር ከነፎቶው በዚያ ሳጥን ውስጥ አለ። ቢሆንም አልደነገጥኩም። ባክአፕ አለኝ ብዬ ነዋ። በየሳምንቱ ዓርብ «ቅጂ ተወስዷል» ብዬ መዝገብ ላይ እፈርም ነበር።

ቅጂው ያለበትን ፎልደር ከፈትኩት፤ ባዶ ነው። ከወራት በፊት ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ስጭነው፣ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ የሚነግረው መስመር ከሴቲንጉ ጠፍቶ ኖሯል። ፕሮግራሙ በየሳምንቱ ይነሣል፣ የሚያስቀምጥበት ያጣል፣ ይተኛል። እኔ መነሣቱን ብቻ አይቼ እፈርማለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መሯሯጥ የጀመርኩት ያኔ ነው።

በዚህ መሀል አንድ አዛውንት ቄስ ገቡ። በላስቲክ የተጠቀለለ የይዞታ ደብተር ከጉያቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ቤታቸው አፍስሶ ገጹ ሁሉ ተጣብቋል፤ የባልና የሚስት ፎቶ የነበረበት ቦታ የቀለም እድፍ ብቻ ነው።

«ሌላ ደብተር ይወጣልዎታል፣ አባ» አልኩ፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል።

«መሬቱንስ ጎረቤት ያውቀዋል። ድንበሬን የሚክደኝ የለም» አሉ። «እኔ የመጣሁት ለፎቶዋ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። በዕድሜዋ ፎቶ የተነሣች አንድ ጊዜ፣ ለዚሁ ደብተር ነው። እናንተ ዘንድ አለ አሉኝ።»

አለ። የሚያንኳኳው ሳጥን ውስጥ አለ። የእሳቸውን ገጽ ልከፍት ስል ስክሪኑ ደረቀ፤ ማንኳኳቱም ባሰ። ከዚህ በላይ ብነካካው የሁሉንም አጠፋለሁ ብዬ ፈራሁ። መጀመሪያ ቅጂው መውጣት አለበት። «ይቀመጡ» ብቻ አልኳቸው፤ ሌላውን ለመናገር አፈርኩ።

የጠፋውን መስመር ጻፍኩ። ቅጂው በሌላ ዲስክ ላይ፣ በከተማችን ስም በተሰየመ ፎልደር እንዲቀመጥ አዘዝኩ። «መንገዱ አልተገኘም» አለኝ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። አልተገኘም። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። አልተገኘም። ፕሮግራሙን የሠራውን ሰው በልቤ እስከ ሰባት ትውልዱ ረገምኩት።

ቄሱ ከኋላዬ መጥተው ቆመው ኖሯል። ስክሪኑን በጣታቸው ነኩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የከተማችን ስም ነዋ፣ አባ። መ/ኢየሱስ።»

«መካነ የት ሄደ? የቦታውን ስም ቆርጠህ ጣልህና ጌታን በር ላይ አቆምኸው። ሙሉውን ብትጽፍ ቀለም ያልቅብሃል?»

የጻፍኩትን መስመር ደግሜ አነበብኩት። ደብዳቤ ላይም ሰሌዳ ላይም ሁላችን እንዲያ ነው የምንጽፈው፤ ለእኛ እዝባሯ፣ ያቺ ዘንበል ያለች ጭረት፣ ማሳጠሪያ ናት። ለኮምፒውተር ግን በር ናት። «መ» የሚባል ፎልደር ይፈልጋል፣ በዚያ አልፎ «ኢየሱስ» ወደሚባለው ሊገባ። «መ» የሚባል ደግሞ የለም። ሙሉውን አያይዤ ጻፍኩት። ቅጂው መሄድ ጀመረ።

ሲያልቅ ቀትር አልፏል። ስንቴ ተነሥቼ ስንቴ እንደ ተቀመጥኩ አላውቅም፤ እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዳዊት ይደግማሉ። ከዚያ ገጻቸውን ከሰርቨሩ ሳይሆን ከቅጂው ከፈትኩ። ባለቤታቸው ብቅ አሉ፤ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው፣ ካሜራውን በጥርጣሬ እያዩ።

ቄሱ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ተቆጥታ ነበር ያን ቀን» አሉ። «ስንዴው ሳይታረም ለፎቶ ወሰድኸኝ ብላ።»

«ላትምልዎት?»

«ሁለት አድርገው፣ ልጄ። አንዱ ከእኔ ዘንድ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይቀመጥ። የእኔ ቤትማ ያፈስሳል።»

ዲግሪ ያለኝ እኔ ነኝ። ሁለት አትሜ ሰጠኋቸው፤ ዓርብ ዓርብ የፈረምኩበትን መዝገብ ዘጋሁና ከቢሮው ውጭ የሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ፍለጋ ወጣሁ።