በረዶ ያልወረደበት ሰልፍ

ከሱዳኗ ገዳሪፍ የተነሣሁት በእልህ ነው። የሥዕል ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ሥራዬ ለአንድ የቆየ የሩሲያ ልብ ወለድ ዐሥር ሥዕል መሥራት ነበር። ዘጠኙን ጨርሻለሁ። የቀረው፣ እናቶች ለታሰሩ ልጆቻቸው ስንቅ ይዘው እስር ቤት ደጃፍ በበረዶ የሚሰለፉበት ነው። መምህሬ ከጎንደር ደውለው፣ «የሩሲያን በረዶ መች አየሽና ትሥያለሽ? ከሩሲያውያኑ ሥዕል ገልብጪ፤ አለዚያ አላሳልፍሽም» አሉኝ። ስደት ላይ ሆኜ ትምህርቴን በስልክ እንድጨርስ የፈቀዱልኝ እሳቸው ስለሆኑ አፌን ያዝኩ። እጄን ግን ማን ይይዘዋል? በረዶ ባላውቅ ሰልፍ አውቃለሁ!

ጠዋት፣ ከገዳሪፍ ወደ ቱነይድባ

ገበያው ዳር ፉል በዳቦ በልቼ የራሽን ሰልፍ ልሥል ቱነይድባ ወዳለው የስደተኞች ጣቢያ በሚሄድ አሮጌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ካለፈው ወር እጥፍ አስከፈለኝ፤ ስጨቃጨቅ «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ናፍጣውን ጠይቂው» አለኝ። ሜዳው ሁሉ የተሰነጣጠቀ ዋልካና የታጨደ ማሽላ ነው።

ኬላ ላይ አንድ ወታደር የወረቀት ጥቅሌን አስፈታኝ።

«ዳ ሹኑ? ምንድን ነው ይሄ? ካርታ?»

«ረስም ነው፤ ሥዕል።»

ካንዱ ሥዕሌ ላይ ፂማሙን የሩሲያ ገበሬ አየና ሳቀ። «ይሄማ አያቴ ነው!» ብሎ በዐረብኛ እየቀለደ አሳለፈኝ። መምህሬ በሰሙልኝ አልኩ።

በማግስቱ፣ ቱነይድባ

ሻይ ከምትሸጥ ወዳጄ ዘንድ አድሬ ራሽን ወደሚታደልበት ሜዳ ወጣሁ። የቆመው ሰው ጥቂት ነው፤ ከኋላው ድንጋይና ጀሪካን ተደርድሯል። ቁጭ ብዬ መሣል ጀመርኩ። ነፋሱ ወረቀቴን ሲያስቸግረኝ አጠገቤ ካለው ድንጋይ አንዱን አንሥቼ ጫንኩበት።

ቆየት ብሎ ነጠላ የተከናነቡ እናት መጥተው መሬት መሬቱን ይፈልጉ ጀመር። አደይ ብርኽቲ ይባላሉ፤ እግራቸው አብጧል።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ድንጋዬን አየሽ?»

«የቱን ድንጋይ፣ እማማ?»

ዐይናቸው ወረቀቴ ላይ አረፈ። «እግሬ መቆም አልችል ብሎኝ ነው። ከንጋት ጀምሮ በእኔ ፈንታ የቆመው እሱ ነበር።»

ክው አልኩ። ሮጬ ልመልሰው ብል ክፍተቱ ተዘግቷል። «ድንጋዩ ከተነሣ ተራውም ተነሣ!» ብለው ሰልፈኞቹ ጮኹብኝ። የሰልፉ ሕግ ነው።

አደይን ጥላ ሥር አስቀምጬ ከሰልፉ መጨረሻ እኔ ቆምኩላቸው። የሚታደለው ማሽላ ተራችን ሳይደርስ ቢያልቅ የሳቸው ጾም ማደር በእኔ ነው፤ አፈርኩ፣ ፈራሁም። ፀሐዩ አናቴን ሲበሳው አንድ ነገር ገባኝ። እስካሁን የሰልፈኞቹን ፊት ነበር ለመሣል የምሞክረው፤ ሰልፈኛ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ሰው ጀርባ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ከመጨረሻዎቹ ከረጢቶች አንዱ ደረሰን። ተሸክሜ ሳደርስላቸው አደይ ሳቁ።

«ድንጋዬ እንዳንቺ አይነጫነጭም ነበር። መልሽልኝ፤ ለሚመጣው ወር ይቆማል።»

ገዳሪፍ፣ ቤቴ

ዐሥረኛውን ሥዕል በሁለት ቀን ጨረስኩ፦ የሩሲያ እናቶች ጀርባ፣ የእስር ቤቱ በር፣ በእናቶቹ መካከል ደግሞ ተራ የያዙ ድንጋዮች። ፎቶ አንሥቼ ላክሁ። መምህሬ ወዲያው ደወሉ።

«በረዶው የታለ?»

«እኔ በቆምኩበት አልወረደም።»

«ድንጋዮቹስ?»

«መቆም ያቃታቸው እናቶች ናቸው።»

«አውጪያቸው። አለዚያ አላሳልፍሽም ብያለሁ።»

«አያሳልፉኝ፣ መምህር። ከሰልፉ መጨረሻ ሄጄ እንደ ገና እቆማለሁ። ድንጋዮቹ ግን አይነሡም።»