የጎን ፊት

መካነ ሰላም ባለው አሮጌው ጠጅ ቤት፣ ከበሩ በስተግራ ግድግዳው ላይ የሚታየው ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ጠጅ እንዳይመስላችሁ። ደም ነው። ባለቤቷ ሁለት ጊዜ ኖራ ቀብታበታለች፤ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይወጣል። ያፈሰሰው ሌላ ሰው ነው፤ መነሻው ግን የኔ እርሳስ ነው።

በገበያ ቀን እዚያ ተቀምጬ ጠጪውን መሣል ልማዴ ነበር። ብርሌውን በሁለት ጣቱ ይዞ የሚከራከረውን፣ ዱላውን ጉልበቱ መሃል ተክሎ የሚያንጎላጀውን፣ በሬ ሸጦ የሚያዜመውን እሥላለሁ። ስጨርስ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞርና ይሳቅበታል። "የሠዓሊው ልጅ አፍንጫዬን ድንች አደረገው" እያሉ ይቀልዱብኛል። ሠዓሊው አባቴ ናቸው፤ የአካባቢውን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ሲሥሉ ያረጁ ቄስ። ሕጋቸው የታወቀ ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ በሁለት ዓይን፤ ኃጥእ ደግሞ በጎን፣ ባንድ ዓይን። ይሁዳም፣ ሰይጣንም፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮችም አንድ አንድ ዓይን ነው ያላቸው። እዚህ ያደገ ሁሉ ይህን ፊደል ሳይቆጥር ያውቃል። እኔ ግን ከተማ ሄጄ ሥዕል ተማርኩና ጎን ማለት ጎን ብቻ ነው ብዬ ተመለስኩ። ትምህርት አንዳንዴ እንዲህ ያደነቁራል።

የዚያን ቀን አንድ እኩያዬ የሆነ ገበሬ ጎኑን ሰጥቶኝ በሩን እያየ ተቀምጦ ነበር። ታሪኩን ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤቱ ገደል ውስጥ ሞቶ ከተገኘ ወዲህ አገሩ "እሱ ነው የገፋው" ይላል፤ አፍ ዳገት አይፈራም። ፍርድ ቤት ማስረጃ አጥቶ ለቀቀው። ሽማግሌዎች ስንት ወር ደክመው ነገሩን ጨርሰዋል፤ በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ በታቦቱ ፊት "እጄ የለበትም" ብሎ ሊምል፣ የሟች ወገንም ሊቀበለው። ከማለ በሰላም እርሻው ይገባል፤ ካልማለ ደመኛ ሆኖ ይቀራል። ዓይኑን ከበሩ አላነሳም። ፍርሃቱ አሳዘነኝ። ያንን ፍርሃት ነው የሣልሁት፣ በጎን፣ ባንድ ዓይን።

ወረቀቱ መዞር ጀመረ። አንዱ አየና ሳቁን ዋጠ። ሌላው አማተበ። በዚህ መሃል የሟች ታናሽ ወንድም ከደጅ ገባ፤ አንድ የማይረባ ጠጪም ሥዕሉን እጁ ላይ አኖረለት።

"እዩት!" ብሎ ጮኸ። "የቄሱ ልጅ አውቆታል! እንደ ይሁዳ ባንድ ዓይን ሥሎታል! ነገ በታቦት ፊት ሊዋሽ ነው!"

"ኧረ ወላሂ፣ አቀማመጡ ነው እንጂ…" ብዬ ተነሳሁ። የሰማኝ የለም።

ብርሌው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ወዲያው የተሰበረው የብርሌ አንገት በሟች ወንድም እጅ ገበሬው ፊት ላይ ገባ። ከዚያ ወገን ከወገን ተለየና ዱላ በዱላ ላይ ወረደ። አንዱ ጭንቅላቱን ተፈንክቶ ጭኔ ላይ ወደቀ። ሌላው ዱላ ቀኝ እጄ ላይ አረፈ፤ ሁለት ጣቶቼ ሲሰበሩ ተሰማኝ። ሲያንሰኝ ነው አልኩ፣ ከልቤ። የጠጅ ቤቱ ባለቤት "ያረቢ! ድረሱልኝ!" እያለች የገበሬውን ፊት በነጠላዋ ያዘችው። ነጠላው ወዲያው ቀላ። እሱ መሬት ላይ ሆኖ "ነገ እምላለሁ፣ ነገ እምላለሁ" ይላል።

አባቴ ሲሰሙ አልተቆጡኝም። "አንተ እኮ ፈረድህበት፣ ልጄ" አሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰውየው ከደሴ ሆስፒታል ሲመለስ ግራ ዓይኑ የለም። መቺው ታሰረ። እርቁም ፈረሰ፤ ሽማግሌዎቹ "ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ" ብለው ተነሱ። እኔም እርሳስ መንካት ተውኩ።

ከወራት በኋላ ገበሬው ቤቴ መጣ። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"ሣለኝ" አለ።

"እጄ ጠሟል፣ ወንድሜ።"

"ይጥመም። ሥዕሉን ይዤ ሽማግሌዎቹ ደጅ ልሄድ ነው። አንድ ጊዜ ተቀምጠው ያስምሉኝ። ያንተን ወረቀት ያየ ሁሉ ይሄንንም ይይልኝ።"

ገፍተኸዋል? ልለው ምላሴ ላይ ደረሰ። በምን አፌ? በጠመሙ ጣቶቼ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ቀኝ ዓይኑን ሣልሁ። በግራ በኩል ቆዳው ተጨማድዶ ገጥሟል። እርሳሴ እዚያ ሲደርስ ቆመ።

"ሁለት አርገው" አለኝ።

ገድሎ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። የጠፋውን ዓይን ግን ከደህናው አስበልጬ ሣልሁለት።